ከተሰበረ ጃንጥላ የባህር ወንበዴ መሆን

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ዝናቡም አብሮ ይከርማል። እኛ ቤት ማለት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ መኝታ ቤት ነው። ሁለቱ ልጆቼና የጎረቤት ልጅ ሶፋው ላይ ተደርድረው "ምን እንስራ?" ይሉኛል። ቴሌቪዥን ከፍቶ መገላገል ይቻላል። እኔም አደርገዋለሁ፣ አልዋሽም። መብራት ሲጠፋ ግን እሱም የለም።

ባለፈው ክረምት እንዲህ መብራት በጠፋበት ቀን ባለቤቴ በስብሶ ገባ። ነፋስ ጃንጥላውን ገልብጦበታል። ሁለት ዘንግ ተሰብሯል፣ ጨርቁ ግን ምንም አልሆነም። ጥቁር ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ ጠርዙም ተሰፍቶ ያለቀ ነው። ሰባት ዓመት የሆነው ትንሹ ልጄ አንስቶ ራሱ ላይ ጣል አደረገውና "የባህር ወንበዴ ነኝ!" አለ።

የጎረቤት ልጅ ከት ብሎ ሳቀ። "ባህር የት አለንና ነው?"

"ሳፋ አለን" አልኩ እኔ። በዚህ ተጀመረ።

እናቴ ስልክ ላይ ስትሰማ "ልጆቹን ውንብድና ታስተምሪያለሽ?" ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው። ልጆቹም "አሁንም አሉ?" ብለው ሲጠይቁኝ አሉ ብያቸዋለሁ። ሩቅም ሳይሆን እዚሁ ኤደን ባህረ ሰላጤ ላይ መርከበኞችን አግተው ገንዘብ ሲጠይቁ ኖረዋል። ጨዋታ እንዳልሆነ ነግሬያቸው ወደ ጨዋታው ተመለስን።

ጃንጥላውን መፍታት

ይሄ የአዋቂ ስራ ነው። የጃንጥላ ዘንግ ሲሰበር ይወጋል። ልጆቹን ራቅ አድርጋችሁ ጃንጥላውን ክፈቱትና በደንብ እዩት። ጨርቁን የያዙት ትናንሽ ስፌቶች ብቻ ናቸው። በየዘንጉ ጫፍ አንድ አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት። ክሮቹን በትንሽ መቀስ በጠስ በጠስ አድርጉ። ከዚያ አናቱ ላይ ያለችውን ቆብ አዙራችሁ ንቀሉ። ጨርቁ ሙሉውን ይወጣል። አፅሙን ለቁራሌው ስጡት፣ ልጆች እጅ እንዳይገባ ብቻ።

አብዛኛው ጃንጥላ ስምንት ዘንግ ስላለው ጨርቁ ስምንት ሶስት ማዕዘን ነው። እኔ ቸኩዬ አንዱን ቆረጥኩና የትንሹ ራስ ላይ ላስር ስል ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለኝ። ስለካው ስፋቱ 44 ሳንቲ ሜትር ነው። የልጁ ራስ ዙሪያ ደግሞ ከ50 ይበልጣል። ስለዚህ ለአንድ ሻሽ ሁለት ሶስት ማዕዘን ሳይነጣጠሉ ያስፈልጋሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ፣ ይበቃል። ሶስት ልጅ ካላችሁ ስድስቱ ለሻሽ ይሄዳሉ። አንዱ ለባንዲራ፣ አንዱ ለመርከብ ሸራና ለአይን መሸፈኛ። ምንም አይተርፍም።

የተቆረጠው ጎን ይተረተራል። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠርዙን ብትቀቡት ይቆማል። በሻማ የሚያቀልጡት አሉ፣ እኔ ግን ልጅ ባለበት እሳት አልወድም።

ሻሹ

ትልቋ ልጄ አስር ዓመቷ ነው፣ አስተያየት አታጣም። "ወንበዴ ባርኔጣ ነው የሚያደርገው" አለች። የጋዜጣ ባርኔጣ ከዚህ በፊት ሰርተናል። አስር ደቂቃ አይቆይም። አንዱ ይቀመጥበታል፣ አንዱ ያረጥበዋል፣ ከዚያ ለቅሶ ነው።

ሻሽ ደግሞ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1720 ጃማይካ ውስጥ አን ቦኒ እና ሜሪ ሪድ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በባህር ውንብድና ተከሰው ችሎት ቀረቡ። ከዘረፏቸው ሰዎች አንዷ ቆማ መሰከረች። የወንድ ጃኬትና ረጅም ሱሪ ለብሰው ነበር፣ ራሳቸው ላይ መሃረብ አስረው ነበር አለች። ይህን ሳወራ የጎረቤት ልጅ "ሴት ወንበዴ የለም" ብሎ ገና መጨረሱ ነበር። ትልቋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ካፒቴን ናት።

አስተሳሰሩ ቀላል ነው። የተሰፋው ጠርዝ ግንባር ላይ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ማጅራት። ሁለቱን ጎኖች ወደ ኋላ ወስዶ ሹሉ ላይ መቋጠር። የጃንጥላ ጨርቅ ያንሸራትታል፣ ሁለቴ ቋጥሩት።

የአይን መሸፈኛው ሰባት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ነው። ከጀርባው ቀጭን ካርቶን አድርጉና ላስቲክ ስፉበት። አንድ ህግ ብቻ፦ ደረጃ ላይ አይደረግም። አንድ አይን ሲሸፈን ርቀት ይምታታል። ትንሹ በመጀመሪያው ቀን ከበሩ ጋር ተጋጭቷል።

ባንዲራው

እዚህ ላይ ጊዜ ስጧቸው። የወንበዴ ባንዲራ አንድ አይነት አልነበረም፣ ካፒቴኑ ሁሉ የራሱ ነበረው። ስራውም ማስፈራራት ነው። መርከቡ ሳይዋጋ እጁን ከሰጠ ለወንበዴውም ይቀለዋል። እ.ኤ.አ. በ1700 የታየው የኢማኑኤል ዊን ጥቁር ባንዲራ የራስ ቅልና አጥንት ብቻ አልነበረበትም፣ የአሸዋ ሰዓትም ነበረበት። ጊዜያችሁ እያለቀ ነው ማለት ነው።

ትንሹ ይህን ሰምቶ የግድግዳ ሰዓት ሳለ። ትንሿ ዘንግ 6 ላይ ናት። ምንድነው ብለው "ምሳ ሰዓት" አለ። ከራስ ቅሉ ስር ደግሞ በአጥንት ፈንታ ሁለት ማንኪያ አመሳቀለ። በበኩሌ ያስፈራኛል።

ጥቁር ናይለን ላይ እስክሪብቶ አይታይም፣ የወረቀት ኮላም አይዝም፣ ሲደርቅ ይረግፋል። ያረጀ ነጭ ካናቴራ ቁረጡ። ልጁ ካናቴራው ላይ ይሳል፣ በመቀስ ያውጣው፣ ከዚያ በመርፌ ይሰፋ። ትልቋ ብቻዋን ሰፍታዋለች። ስፌቱ እንደ አባጨጓሬ ይሄዳል፣ አልነካሁባትም።

መርከቡ

ልጆቹ ከሁሉም የወደዱት ይሄን ነው፣ እኔም ብዙ የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

ሁለት ሊትር ሃይላንድ ያስፈልጋል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉት። በጎኑ አስተኝታችሁ ከላይ በኩል አራት ማዕዘን መስኮት ቁረጡ፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል። መጀመሪያ በቢላ ወጋ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ፣ ከዚያ መቀሱን ልጁ ይያዝ። የተቆረጠው ጠርዝ ስለት ነው፣ ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፉበት።

የመጀመሪያውን መርከብ ምሰሶ አቆምንለት፣ ሸራ ሰቀልንለት፣ ሳፋው ላይ አስቀመጥነው። ወዲያው በጎኑ ተኛ። አቃናነው፣ ተገለበጠ። ትንሹ ማልቀስ ጀመረ። የጎረቤት ልጅ ነው ዝም ብሎ አይቶ "ከላይ ከብዶታል" ያለው። ልክ ነበር። የድሮ መርከቦች ሆዳቸው ውስጥ ድንጋይ ይጭኑ የነበረው ለዚህ ነው። ክብደቱ ከታች ሲሆን መርከቡ ቢያዘነብልም ተመልሶ ይቃናል።

እኛስ ምን አለን? ክረምት ነው፣ ጭቃ በነፃ ነው። ከግቢው ወፍራም ጭቃ አምጥተን ጠጠር ቀላቀልንበት። ሃይላንዱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ከፍታ ሞላን። ጭቃው ክብደትም ሆነ፣ ምሰሶም ያዘ። ምሰሶው ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ነው፣ ከ25 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሲረዝም ያው ይገለበጣል። ጭቃው እንዲደርቅ አትጠብቁ። በክረምት አይደርቅም፣ ሳይደርቅም ይሰራል።

ሸራው ከጃንጥላው የተረፈው ነው። ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶስት ማዕዘን ቆርጣችሁ አንዱን ጎን ምሰሶው ላይ በክር ጠምጥሙት፣ የቀረውን ጫፍ ሃይላንዱ ጭራ ላይ እሰሩ። ከዚያ በካርቶን ማራገብ ነው። መርከቡ ይሄዳል። እውነት ይሄዳል!

መጫወቻው ሳፋ ነው እንጂ ውጭ ያለው ቦይ አይደለም። ልጆቹ ለምነውኛል። የክረምት ጎርፍ መርከቡን ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ ተከትሎ የሚሮጠውንም ልጅ ነው። የሳፋውን ውሃ አትድፉት፣ ወለል ይወለወልበታል።

ቤታችሁ ቡና ተፈልቶበት ቄጠማ ከተረፈ ደግሞ ታንኳ ስሩ። የጣና ታንኳ ከደንገል ነው የሚሰራው። ደንገሉ ውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል። ለዚህ ነው ባለታንኳዎቹ ከውሃ አውጥተው አቁመው የሚያደርቁት። ቄጠማውን እፍኝ የሚሞላ ያዙ፣ በየአራት ጣቱ በክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ አንዱን ጫፍ ቀና አድርጋችሁ በክር ወደ ኋላ ሳቡት። በቃ። ጣና ላይ ወንበዴ ባይኖርም ካፒቴናችን ሁለተኛ መርከብ አገኘች።

ካርታው

የቆየ እንዲመስል ወረቀቱን መንከር አለብን። እኔ መጀመሪያ የተረፈ ሻይ ተጠቀምኩ። ስኳር ነበረበት። በማግስቱ ካርታው ላይ ጉንዳን ተሰልፏል። ስለዚህ ስኳር የሌለው ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው የጀበናው አተላ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ካለቀ በኋላ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ አንዴ አፍሉት፣ ትሪ ላይ አፍስሱ፣ ይብረድ። ወረቀቱን አምስት ደቂቃ አስተኙት። ደቃቁ አተላ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ይተዋል፣ እሱን አትጥረጉት።

በክረምት ምን ላይ ይደርቃል? እኔ እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ ምጣዱን አጠፋና ወረቀቱን አክንባሎው ላይ አነጥፈዋለሁ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ዳሩን በእጅ ቀደድ ቀደድ ማድረግ ነው፣ ማቃጠል አያስፈልግም። ካርታውን የምትስሉት ከደረቀ በኋላ ነው። በማርከር ስላችሁ ከነከራችሁት ውቅያኖሱም ደሴቱም አንድ ይሆናል።

ልጆቹ የሳሉት የራሳችንን ቤትና ኮሪደር ነው። "ከበሩ 12 እርምጃ ወደ መስኮቱ" ብለው ጻፉ። ከዚያ ጠብ ተነሳ። የትልቋ 12 እርምጃ መስኮቱ ጋ ይደርሳል፣ የትንሹ ፍሪጁ ጋ ይቀራል። ማን ትክክል ነው? በመጨረሻ ባለቤቴ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ሰጣቸው። ካርታችን አሁን በነጠላ ጫማ ነው የሚለካው። ከበሩ እስከ መስኮቱ 19 ነጠላ ጫማ።

ገንዘቡ

እናቴ ከአያቷ የወረሰችው አንድ ማርትሬዛ ብር አላት። ለአንድ ቀን ለምኜ አመጣሁት። የካሪቢያን ወንበዴዎች ሲፈልጉት የነበረው የስፔን ባለ ስምንት ሪያል ብር ነው፣ መጠኑ ከዚህ ብዙም አይለይም። ማርትሬዛ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 28 ግራም ክብደት አለው። ልጆቹ እጃቸው ላይ ሲያደርጉት ዝም አሉ። ከባድ ነው። ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላም ብሩ ሲመታ ዓመቱ አልተቀየረም።

አሰራሩ ይሄ ነው። ፎይል ብሩ ላይ አስቀምጡ፣ በአንድ እጅ እንዳይንቀሳቀስ ያዙት፣ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ እሹት። ከዚያ በእርሳስ ጭራ ላይ ባለው ላጲስ ድገሙት። ሹል ነገር ይቀደዋል። የንግሥቲቱ ፊት፣ በጀርባው ደግሞ ሁለት ራስ ያለው ንስር ይወጣል። በልኩ ክብ ካርቶን ቆርጣችሁ ፎይሉን አልብሱት። ማርትሬዛ ከሌላችሁ የኪስ ሳንቲምም ይሆናል፣ አንበሳው ቆንጆ ይወጣል።

ሃያ ብር ሰራን። ትልቋ አበባ ማሰሮው ውስጥ እንቅበረው አለች። እኔ ካፒቴን ኪድ የሚባለውን የባህር ወንበዴ ጠቀስኩላት። እ.ኤ.አ. በ1699 ኒው ዮርክ አጠገብ ጋርዲነርስ ደሴት ላይ ሀብት ቀብሮ ነበር። መንግስት አወጣው፣ እሱም ለንደን ውስጥ በ1701 ተሰቀለ። አፈሩ ፎይሉንም ያበላሻል። ስለዚህ አልቀበርንም፣ እየበተንን ደበቅነው። መጥረጊያ ጀርባ፣ የሩዝ ጣሳ ስር፣ የአባታቸው ጫማ ውስጥ።

ሃያ ደብቀን አስራ ዘጠኝ ተገኘ። ትንሹ አንዷን ካፒቴን ኪድ ነው የወሰዳት ይላል። እኔ ሶፋው ስር ናት ባይ ነኝ።