የመድኃኒት ቅሪትን በብርሃን የሚያፈርስ ሜምብሬን እንዴት ይሠራል?

እንደ ካርባማዜፒን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ያሉ መድኃኒቶች በተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ብዙም ሳይነኩ ያልፋሉ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የያዘ ሜምብሬን (ስስ የማጣሪያ ሽፋን) ግን አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ሃይድሮክሲል ራዲካል (ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ኃይለኛ ቅንጣት) ይፈጥርና ሞለኪውላቸውን ይሰባብራል። ቀጥሎ ያለው ለቤተ ሙከራ የሚሆን አሠራር ነው።

ለ100 ግራም ቅልቅል፦ 15 ግራም ፒቪዲኤፍ (ሜምብሬኑ የሚሠራበት ፖሊመር)፣ 2 ግራም ፒ25 (የንግድ ዓይነት) ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ 83 ግራም ኤንኤምፒ (ፖሊመሩን የሚያሟሟ ፈሳሽ)። ኤንኤምፒ ፅንስን ስለሚጎዳ ያለ ጓንትና ያለ ጭስ መሳቢያ አይነካም። በፒቪዲኤፍ ፋንታ ሴሉሎስ አሲቴት መጠቀም አይመከርም፤ ራዲካሉ መድኃኒቱን ብቻ መርጦ አይመታም፣ ሜምብሬኑንም ይበላዋል።

1. ሁለቱንም ዱቄቶች ምድጃ ውስጥ በ80 ዲግሪ ሌሊቱን ያድርቁ።

2. ቲታኒየሙን ኤንኤምፒው ውስጥ ይበትኑ፤ ፒቪዲኤፍ ገና አይገባም። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቅንጣቶቹ 21 ናኖሜትር ገደማ ቢሆኑም ተጣብቀው ነው የሚመጡት። በአልትራሳውንድ ገንዳ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያቆዩ፤ ገንዳው ከሞቀ ውኃውን ይቀይሩ። ፖሊመሩ ከገባ በኋላ ቅልቅሉ ስለሚወፍር ጓሉን መበተን አይቻልም። አንድ ጠብታ በሁለት መስታወት መካከል ጨምቀው ወደ ብርሃን ሲያዩት ነጭ ነጥብ ከታየ ወደ ገንዳው ይመልሱት። ጓል ሜምብሬኑን ይበሳዋል፣ ብርሃን የሚያገኘውም ከላይ ያለው ቅንጣት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ዱቄት መጨመር ጓሉን ያበዛል እንጂ አያግዝም።

3. ፒቪዲኤፉን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ በ60 ዲግሪ እስኪሟሟ ያማስሉ። ከዚያ ማማሰያውን አጥፍተው አረፋው እስኪወጣ ይተዉት።

4. መስታወት ላይ በ200 ማይክሮሜትር ቢላ ሳያቋርጡ ይዘርጉትና ወዲያው ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ውኃውን እየቀያየሩ ለ24 ሰዓት ይጠቡት፤ የቀረ ኤንኤምፒ በኋላ የካርቦን ልኬቱን ያዛባል።

5. ሜምብሬኑን ሲገጥሙ በንከራው ጊዜ ውኃ የነካው ገጽ ወደ መብራቱ ይዙር። መብራቱ 365 ናኖሜትር ኤልኢዲ ይሁን፤ አናቴዝ (የፒ25 ዋና ክሪስታል ዓይነት) የሚነቃው ከ387 ናኖሜትር ገደማ በታች ስለሆነ ተራ ነጭ አምፖል እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አይሰጥም። የዓይን መከላከያ ያድርጉ።

6. ፍተሻ። መድኃኒቱ ከውኃው ጠፋ ማለት ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ሜምብሬኑ ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራቱን ሳያበሩ የመድኃኒቱ መጠን መቀነሱን እስኪያቆም ውኃውን በሜምብሬኑ ያዙሩት፣ ከዚያ ያብሩ። ቲታኒየም በሌለው ሜምብሬንም ከብርሃን ጋር ይድገሙት። ለመጀመሪያ ሙከራ ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) አይመረጥም፤ ብርሃን ብቻውን ያፈርሰዋል። ካርባማዜፒን ይሻላል፤ በኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) በ285 ናኖሜትር ይለካል። ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦንም ይለኩ፦ መድኃኒቱ ጠፍቶ ካርቦኑ ካልቀነሰ ስብርባሪው ውኃው ውስጥ ነው።

በንጹሕ ውኃ የተገኘ ውጤት ብቻውን አያስተማምንም። ፍሳሽ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔትና ኦርጋኒክ ቁስ ራዲካሉን ስለሚሻማ፣ ያንኑ ሜምብሬን በእውነተኛ ፍሳሽ ደጋግመው ይፈትኑት፤ የተጣራው ውኃ ውስጥ የረገፈ ቲታኒየም መኖሩንም በየዙሩ ያስመርምሩ።