የስቲቭ ስፐሪየርን የአሠልጣኝነት ጉዞ ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ (ኳሱን እየወረወረ የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ ተጫዋች) የነበሩት ስቲቭ ስፐሪየር በ1966 በአሜሪካን ፉትቦል የኮሌጅ ውድድር ትልቁን የግል ክብር፣ የሄይስማን ዋንጫን፣ ተሸለሙ፤ ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝነት እየመሩ የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረጉት (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱን ድሎች አገናኝቶ «ድንቅ ተጫዋች ስለነበሩ ድንቅ አሠልጣኝ ሆኑ» ብሎ መደምደም የመጀመሪያውና እጅግ የተለመደው ስህተት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ የተባለው የባለሙያዎች ቡድን በ1967 ከአዳዲስ ተጫዋቾች መካከል በሦስተኛ ተራ መርጦ ቢወስዳቸውም፣ ብዙውን ጊዜ ያሳለፉት የዋናው ኳርተርባክ የጆን ብሮዲ ተጠባባቂ ሆነውና ኳስ በእግር አርቆ የመምታት ሥራ እየሠሩ ነበር። በ1976 ወደ አዲሱ ታምፓ ቤይ ቡድን ሲሻገሩም ቡድኑ 14ቱንም ጨዋታዎች ተሸነፈ። ጨዋታን ከዳር ሆነው ያጠኑባቸው እነዚያ ዓመታት ለአሠልጣኝነታቸው ከዋንጫው የበለጠ እንደጠቀሟቸው አምናለሁ።

ሁለተኛው ስህተት የረዳትነት ዘመናቸውን መዝለል ነው። በ1978 በፍሎሪዳ፣ በማግስቱ ዓመት በጆርጂያ ቴክ፣ ከ1980 እስከ 1982 ደግሞ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የማጥቃት ጨዋታውን በመምራት በረዳትነት ሠርተዋል፤ ከዚያም ታምፓ ቤይ ባንዲትስ የተባለውን የባለሙያዎች ቡድን ለሦስት የውድድር ዘመን አሠልጥነዋል። የኮሌጅ ዋና አሠልጣኝ የሆኑት ሄይስማንን ካገኙ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ በዱክ ነው። በቅርጫት ኳስ እንጂ በፉትቦል ስሙ እምብዛም የማይነሣውን ይህን ዩኒቨርሲቲ በ1989 የኮንፈረንሱን (የሚወዳደርበትን የዩኒቨርሲቲዎች ምድብ) ዋንጫ እንዲጋራ አበቁት።

የኮሌጁን ሥራ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ መሸጋገሪያ ብቻ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። የኮሌጅ አሠልጣኝ ወጣቶችን ከየትምህርት ቤቱ አሳምኖ ያመጣል፤ በቡድኖች መካከል ያለው የአቅም ልዩነትም ሰፊ በመሆኑ ብልህ የማጥቃት ዕቅድ ብዙ ነጥብ ያስገኛል። በባለሙያዎቹ ዘንድ ግን ተጫዋቾቹ በችሎታ ስለሚቀራረቡ ያው ዕቅድ ያንኑ ፍሬ ላይሰጥ ይችላል። ስፐሪየር በ2002 እና በ2003 የባለሙያዎቹን የዋሽንግተን ቡድን ይዘው ከ32 ጨዋታዎች ያሸነፉት 12ቱን ብቻ ነበር። ይህን አይቶ ዘመናቸው አበቃ ያለ ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ወደ ኮሌጅ ተመልሰው የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ለ11 ድል አብቅተዋልና።

የፍሎሪዳ ዘመናቸውንም ፍሎሪዳ ስቴት የተባለውን ሌላ ዩኒቨርሲቲ 52 ለ20 ባሸነፉበት የ1996 የውድድር ዘመን የፍጻሜ ጨዋታ ብቻ መለካት አይገባም። በ12 የውድድር ዘመን ስድስት ጊዜ የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ከ1991 በፊት ዩኒቨርሲቲው በይፋ የተመዘገበለት የዚህ ኮንፈረንስ ዋንጫ አንድም አልነበረውም።