በተከታታይ አጸግብሮት ውስብስብ ፖሊመር ለመሥራት

ሳይክሎሄክሲን (አንድ ድርብ ትስስር ያለው ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት) የቀለበት ውጥረቱ (ቀለበቱ እንዲከፈት የሚገፋው ጫና) አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን በሜታቴሲስ (ድርብ ትስስሮች ተከፍለው አጋር የሚለዋወጡበት አጸግብሮት) ፖሊመር፣ ማለትም ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት፣ አይሠራም። በአጭር ክንድ አልካይን (ሦስትዮሽ የካርቦን ትስስር ያለው ክፍል) ሲያያዝበት ግን የግራብስ 3ኛ ትውልድ ካታሊስት (ሩተኒየም ያለበት አጸግብሮት አፋጣኝ) መጀመሪያ አልካይኑን ይይዛል፣ ከዚያም ወደ ጎረቤት ቀለበት ዞሮ ይከፍተዋል፤ በዚያው ሂደት አዲስ ባለ አምስት አባል ቀለበት ተዘግቶ የሰንሰለቱ አካል ይሆናል። የኮሪያው ኬሚስት ቴ-ሊም ቾይና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን መንገድ አሳይተዋል።

ሥራውን በጭስ መሳቢያ ሥር፣ በደረቀና ኦክስጅን በወጣለት ቴትራሃይድሮፉራን (ማሟሚያ ፈሳሽ)፣ በአርጎን ሽፋን ይጀምሩ። ሞኖመሩን (የሰንሰለቱን መነሻ ክፍል፣ ማለትም አልካይን የተያያዘበትን ሳይክሎሄክሲን) በሚገባ ያጥሩት፤ በእኔ እምነት ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የቀረ አሚን (ናይትሮጅን ያለው ውህድ) ካታሊስቱን ያዳክመዋል። የሰንሰለቱ ርዝመት በሞኖመርና በካታሊስት ምጥጥን ይወሰናል፤ 50 ለ 1 ከሆነ በአማካይ ወደ 50 የሚጠጉ ክፍሎች ይጠበቃሉ። አረንጓዴውን የካታሊስት ዱቄት በጥቂት ፈሳሽ አሟሙተው፣ ሞኖመሩ በኃይል እየተማሰለ ሳለ በአንድ ጊዜ በመርፌ ይጨምሩት፤ በጠብታ ከገባ ሰንሰለቶቹ በተለያየ ጊዜ ስለሚጀምሩ ርዝመታቸው ይለያያል።

ጥቂት ናሙና ወስደው በኤንኤምአር (በማግኔት የሞለኪውልን አሠራር በሚያሳይ መሣሪያ) ይመልከቱ፤ የአልካይኑ ጫፍ ፕሮቶን ምልክት ሲጠፋ ሞኖመሩ አልቋል ማለት ነው። ሁለተኛ ብሎክ (በሌላ ሞኖመር የሚቀጥል የሰንሰለት ክፍል) የሚፈልጉ ከሆነ ሌላውን ሞኖመር ሳይዘገዩ ያስገቡ፤ ካልሆነ በኢታይል ቫይናይል ኢተር ያቁሙትና በሜታኖል ያዝቅጡት። በሰንሰለቱ ላይ የሚቀረው ዳይኢን (በአንድ ነጠላ ትስስር የተያያዙ ሁለት ድርብ ትስስሮች) በኋላ በዲልስ-አልደር አጸግብሮት፣ ማለትም ከሌላ ሞለኪውል ድርብ ትስስር ጋር በመዋሃድ፣ ሌላ ቀለበት ለመጨመር ያገለግላል።