የፋይናንስ ኮርሶችን ከመጨረሻው ዓመት ወደ ኋላ አቅዱ

የፋይናንስ ዲግሪ ጀምራችሁ ኮርስ ስትመርጡ ከአንደኛው ዓመት አትነሡ። የመጨረሻውን ዓመት ኮርሶች፣ ለምሳሌ የኢንቨስትመንትና የፖርትፎሊዮ (የተለያዩ ኢንቨስትመንቶች ስብስብ) አስተዳደርን፣ በወረቀቱ ቀኝ ጫፍ ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ የሆነውን ኮርስ በቀስት እያገናኛችሁ ወደ ግራ ሂዱ። ረጅሙ ሰንሰለት ራሱ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከሒሳብና ከስታቲስቲክስ ተነሥቶ በፋይናንስ አስተዳደር በኩል ያልፋል። ቀድማችሁ የምትመዘገቡት ለእርሱ ነው። ማርኬቲንግና የመሳሰሉት ክፍት ቦታ ባለበት ይገባሉ።

ከፍተኛ ኮርሶች በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጡ፣ ከሰንሰለቱ አንዱ ቢያመልጥ የሚባክነው ሴሚስተር ሳይሆን ዓመት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ቫሪያንስ (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ) እና ኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ) ያልገባው ተማሪ የፖርትፎሊዮ ስጋት ሲያሰላ ቀመር ከመሸምደድ ሌላ አማራጭ የለውም። ስታቲስቲክስን ለመጨረሻ የሚያቆይ ሰው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከባዶቹን ሁሉ ግን በአንድ ሴሚስተር አትከምሩ። የትምህርት ክፍሉ ቅደም ተከተሉን ራሱ በሚወስንባቸው የኢትዮጵያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ወደ ኋላ የማቀድ ዘዴ ለምርጫ ብዙም አይጠቅምም፤ የትኛውን ኮርስ መውደቅ ወይም ማቋረጥ ብዙ እንደሚያስከፍል ግን ያሳያል።