የደንገል ታንኳን በውሃ ቀለም መሳል

ባሕር ዳር ላይ ብሩሽ የያዘ ሁሉ የምትጠልቅ ጀንበርን ይስላል። የደንገል ታንኳ አሠራር ግን እየቀረ ነው፤ ደንገሉ ተመናምኗል፣ የሞተር ጀልባው በዝቷል። ስለዚህ ታንኳውን የሚሠራውን የጣና ዳር ማኅበረሰብ የነገደ ወይጦን ሙያ የምትስሉት፣ ሥዕሉን ያየ ሰው ታንኳውን መልሶ ማሰር እንዲችል አድርጋችሁ ይሁን።

300 ግራም (በካሬ ሜትር) የሚመዝን ወፍራም ወረቀት፣ 2ቢ እርሳስ፣ ቁጥር 8 ክብ ብሩሽ፣ ቀለሙ የማይለቅ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ከቀለም የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) ይበቃል። ስስ ወረቀት ሲርስ ይጨማደዳል። እስክሪብቶውን ቤት ፈትኑት፤ መስመሩ ከደረቀ በኋላ እርጥብ ብሩሽ ሲያልፍበት ከተበተነ አይሆንም። የክረምት የጣና ውሃ ደለል ስላለው ንጹሕ ውሃ በጠርሙስ ያዙ።

ጥላ ሥር ተቀመጡ። ወረቀቱ ፀሐይ ላይ ካረፈ ቀለሙ የሳሳ ስለሚመስል ታደምቁታላችሁ፤ ቤት ሲገባ ጨለማ ይሆናል።

መጀመሪያ ታንኳው ለመድረቅ ከውሃ ሲወጣ ሙሉውን ሳሉት፤ ውሃ ላይ ሳለ ሆዱ አይታይም። ርዝመቱን በክንድ ለክታችሁ ዳር ላይ ጻፉ።

ዋናው ግን ማሰሪያው ነው። አንድ ገጽ ለአንድ ቋጠሮ ስጡ። ገመዱ በላይ ነው በታች የሚያልፈው? ስንት ጊዜ ይዞራል? ጫፉ የት ይሸሸጋል? እርሳሱ ይህን ካላሳየ እስክሪብቶ አታሳርፉ፤ ቀለም የቋጠሮ ስሕተት አያድንም። የሠሪውን እጅ ለመሳል ፈቃድ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ እጅዎን ልሳለው?»

ለደረቅ ደንገል ኦከርን በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ በአንድ ጊዜ ቀቡ። በበጋ ፀሐይ ቶሎ ስለሚደርቅ ቀለሙን አስቀድማችሁ አብዝታችሁ በጥብጡ። ግማሽ የደረቀውን ደግማችሁ ከነካችሁት ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይተረተራል። በደንብ ሲደርቅ፣ ውሃው በጨርቅ በተመጠጠ ብሩሽ ሲየናን በአገዳው አቅጣጫ ጥቂት ጊዜ ሳቡ፤ እያንዳንዱን አገዳ ለመቁጠር አትሞክሩ። ጥላው አልትራማሪንና ሲየና ተቀላቅለው የሚወጣው ግራጫ ነው። በክረምት ሐይቁን ሰማያዊ አታድርጉት፤ ቡናማ ነው። ዳር ላይ እምቦጭ ካለ እሱንም ሳሉ፤ የዘመኑ ምስክር ነው።

የየክፍሉን ስም ሠሪው እንደሚጠራው በእርሳስ ጻፉ፤ ብዙ እስክሪብቶ በብርሃን ይደበዝዛል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። ቀንና ቦታም ጨምሩ። የሠሪውን ስም የምትጽፉት እሱ ከፈቀደ ብቻ ነው።