የዶቃ ጌጥን ልክ የሚያሳጡ ስህተቶች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ የዶቃ አምባርና የአንገት ጌጥ ለሚሠራ ሰው ሥራ ይበዛል፤ «ጠበበኝ» ወይም «ሰፋኝ» ተብሎ የሚመለሰው ጌጥም አብሮ ይበዛል። ከተመለሱልኝ ጌጦች አብዛኞቹ የተበላሹት ዶቃው ክር ላይ ሳይገባ፣ ገና ልክ ሲወሰድ ነው።

ዋናው ስህተት የእጅ አንጓን ዙሪያ ለክቶ ዶቃውን በዚያው ርዝመት መደርደር ነው። ክሩ በዶቃው መሃል ስለሚያልፍ፣ አምባሩ ሲዘጋ የእያንዳንዱ ዶቃ ግማሽ ውፍረት ወደ እጁ ገብቶ ቦታ ይሻማል። አንጓዋ 16 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አንዲት ደንበኛ፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዶቃ ደርድሬ 17 ሴንቲ ሜትር አምባር ሠርቼላት ነበር። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ አንድ ሴንቲ ሜትር የተረፈው ቢመስልም፣ እጇ ላይ ሲዞር ግን ብጎትተው ብጎትተው ሁለቱ ጫፎች አልገናኝ አሉ፤ ቢዘጋ ኖሮ የውስጥ ዙሪያው 14 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበርና። የሚጠፋው ርዝመት የዶቃው ውፍረት በ3.14 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ በአንጓው ልክ ላይ የዶቃውን ውፍረት ሦስት እጥፍ፣ ከዚያም ለመላወሻ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር መጨመር ይገባል፤ ለዚያች ሴት የሚበቃት ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነበር። ዶቃው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ ግን 18 ይበቃ ነበር። «ሁልጊዜ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨምር» የሚለው ምክር ለደቃቁ ዶቃ ሠርቶ ለትልቁ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

በስንዝር ወይም በሹራብ ክር መለካትም ያሳስታል። ስንዝር ከሰው ሰው ይለያያል፤ የሹራብ ክር ደግሞ ሲሳብ ይለጠጣል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከሌለ፣ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አንጓው ላይ ጠምጥሞ፣ የተገናኘበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ማስመሪያ ላይ መዘርጋት ይሻላል። ሙቀት እጅን ስለሚያሳብጥ፣ በጥር ብርድ በማለዳ የተወሰደ ልክ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ሊጠብ ይችላል፤ እኔ ከሰዓት በኋላ መለካትን እመርጣለሁ።

የአንገት ጌጥን ያለ ልብሱ መለካት ሌላው ስህተት ነው። በሐበሻ ቀሚስ ላይ ጥልፉ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ጥልፉ መሃል የሚያርፍ ዶቃ ጥልፉንም ራሱንም ይሸፍናል። ማተብ ለሚያደርግ ሰው ደግሞ ከማተቡ ጋር እኩል የሚወርድ ጌጥ ቀኑን ሙሉ እየተጠላለፈ ያስቸግራል። ደንበኛዋ ቀሚሷን እንደለበሰች ሲባጎ አንገቷ ላይ አንጠልጥሎ የምትወደውን ቦታ ምልክት ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

የመቆለፊያውን ርዝመት መርሳት ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡን ግን ያዛባል። 18 ሴንቲ ሜትር በሚሆን አምባር ላይ መቆለፊያውና ቀለበቶቹ 2 ሴንቲ ሜትር ከወሰዱ፣ ለዶቃው የሚቀረው 16 ነው፤ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ዶቃ ከሆነ 30 ሳይሆን 26 ገደማ ይበቃል። ሻጩ «ስድስት ነው» ያለውን ዶቃም እንዳለ አለመቀበል ይበጃል፤ አሥሩን በማስመሪያ ጠርዝ ደርድሮ የተገኘውን ለአሥር ማካፈል እውነተኛውን ልክ ያሳያል።

ላስቲክ ላይ ለሚሠራ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፦ ዶቃ ከመግባቱ በፊት ላስቲኩን ደጋግሞ መሳብ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አምባሩ በተለበሰ በሳምንቱ ይረግብና በዶቃዎቹ መካከል ክሩ መታየት ይጀምራል።

በመጨረሻም ክርን በልክ መቁረጥ ይቅር። በሁለቱም ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ትቶ፣ ጫፎቹን በፕላስተር ይዞ፣ ጌጡን እጅ ላይ አዙሮ፣ ጡጫ አስጨብጦና አንጓን አሳጥፎ ካዩ በኋላ መቋጠር ይቻላል። ክሩ በልክ ከተቆረጠ ግን ቋጠሮው ላይ ሲደረስ ያጥርና ከጣት ያመልጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አልጋ ሥር ተንበርክኮ 26ቱንም ዶቃ መልቀም ነው።