የእንጨት በረንዳ መደገፊያ፦ ጎንደር ውስጥ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ክረምቱ እንደወጣ አዘዞ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የፎቁ የእንጨት በረንዳ ከተሠራ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቫርኒሹ ያበራል። መደገፊያውን በዳሌዬ ገፋ ሳደርገው እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ። የቤቱ እመቤት «ኧረ ልጄ፣ በርበሬ የማሰጣው እዚያ ላይ እኮ ነው!» አሉኝ። በርበሬው ምንም አይል፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚንጠለጠሉትም እዚያው ላይ ነው እንጂ።

ቋሚውን በምስማር ብቻ መያዝ። የእሳቸው ጣጣ ይኸው ነበር፤ እኔም ሙያውን ስጀምር የሠራሁት ስህተት ነው። ቋሚው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ከግራና ከቀኝ በሰያፍ ምስማር ተመቷል። ሰው ከላይ ሲደገፍ ግን ቋሚው መፈንቅል ይሆናል፤ ምስማሩን ከእንጨቱ ይነቅለዋል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ መደገፊያው ከላይ ጫፉ ላይ 90 ኪሎ ያህል ግፊት እንዲችል ያዛል። አንድ ጎረምሳ ሲደገፈው በሉት። ቋሚው 1 ሜትር ቢረዝም፣ የያዙት ሁለት ቡሎኖች ደግሞ በ10 ሳንቲም ብቻ ቢራራቁ፣ የላይኛውን ቡሎን የሚጎትተው ኃይል ከ900 ኪሎ ያልፋል።

ስለዚህ ቋሚው ከወለሉ በታች ወርዶ ከወለሉ ጠርዝ ተሸካሚ እንጨት ጋር በሁለት ባለ 12 ሚሊ ቡሎን ይታሰር፤ ቡሎኖቹ እንጨቱ እስከፈቀደ ድረስ ይራራቁ፣ በሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ (ቡሎኑ እንጨቱን እንዳይበላው የሚገባ ክብ ብረት) ይግባባቸው። የጠርዙ እንጨት ራሱ በምስማር ብቻ ከተያዘ ግን ችግሩን ወደ ኋላ ገፋነው እንጂ አልፈታነውም፤ እሱም ወለሉን ከሚሸከሙት የውስጥ ወራጆች ጋር መታሰር አለበት። አንዳንድ አናጺ ገጽታው እንዲያምር የቋሚውን እግር እስከ ግማሹ ቆርጦ ያስገባዋል። ጭነቱ የሚበረታው እዚያው ላይ ሆኖ ሳለ እንጨቱን ማሳሳት ነው፤ እኔ ፈጽሞ አልቀበለውም።

ሰርግ ቀን ምን እንደሚሆን አስቡት። ሙሽራዋ ስትገባ አሥር አሥራ አምስት ሰው ስልኩን ይዞ መደገፊያው ላይ ይደረደራል። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ፋሲል መዋኛ ላይ ሕዝብ የተቀመጠበት የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ሰው የሞተበትን ቀን የዚህ ከተማ ሰው አልረሳውም። የእኛ በረንዳ ትንሽ ቢሆንም ሕዝብ ሲሞላበት እንጨት እንጨት ነው።

እርጥብ ባሕር ዛፍ። ከተጫነበት መኪና ወርዶ በማግስቱ የሚመታው ማለቴ ነው። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ጥብቅ የነበረው ዳዶ (የቡሎኑ ማጥበቂያ) በእጅ ይዞራል። ጥላ ሥር፣ በመካከሉ አየር እንዲገባ እየለያዩ ደርድረው ያድርቁት። ከተሠራም በኋላ አንድ በጋ ሲያልፍ ቡሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጽድ ካገኙ ለቋሚ እሱን አይለፉት፤ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም።

ክፍተትና አግድም እንጨት። በዚያው የአሜሪካ ደንብ 10 ሳንቲም ስፋት ያለው ኳስ በመደገፊያው እንጨቶች መካከል ማለፍ የለበትም፤ የሕፃን ጭንቅላት እንዳያልፍ ነው። አግድም የተመታ ጣውላ ለልጅ መሰላል ስለሚሆን ወደ ላይ የቆመውን እመርጣለሁ።

ቁመቱን ቸኩሎ መለካት። ደንቡ ቢያንስ 91 ሳንቲም ይላል፤ ለፎቅ እኔ ከ1 ሜትር አላሳንስም። የሚለካውም ካለቀው ወለል ነው፤ ጣውላ ወይም ሴራሚክ ኋላ ከተጨመረ ቁመቱ ያጥራል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ መደገፊያውን ተጠግቶ የሚቀመጥ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ልጁ ወጥቶ ሲቆምበት 1 ሜትር የነበረው ከወገቡ በታች ይሆናል።

ውሃ የሚቋጥር እግር። ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ ቋሚ የክረምቱን ውሃ ይዞ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ ደህና ይመስላል። በብረት እግር ከፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል። የላይኛው እጀታም ትንሽ ያዘንብል፣ ውሃ እንዳይተኛበት።

የአዘዞዋን በረንዳ ቋሚዎች ነቅዬ በቡሎን አሠርኳቸው። እመቤቲቱ መጥተው አዩና «ውበቱን አበላሸህብኝ» አሉ፤ የቡሎኑ ራስ ከውጭ ይታያል። ሮንዴላዎቹን ቡናማ ቀለም ቀባሁላቸው።